ጃንጥላው ቤት ይቅር

ልጄ አራት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ተወልዶ ያደገው ለንደን ነው። እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። እኛ ቤት ዝናብ ሲመጣ ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፤ ግቡ! ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ልብስ ከገመድ ይለቀማል፣ ልጅ ከሰፈር ይጠራል፣ በር ይዘጋል። ከዚያ እስኪያባራ ይጠበቃል። ደግሞም ያባራል። ሐምሌ ላይ እንኳን ትንሽ ፋታ አይጠፋም።

ይህን ሕግ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነው የመጣሁት። ልጅ ከወለድኩ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ላይ ቆሜ "ቆይ እስኪያባራ" እላለሁ። ስድስት ሰዓት ይሆናል፤ አላባራም። ስምንት ሰዓት ይሆናል፤ አላባራም። በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ላይ መጨለም ይጀምራል፤ በቃ ቀኑ አለቀ። ማሙሽ ሶፋው ላይ ይዘላል፣ ከሶፋው ይወርዳል፣ ታብሌት ይላል፣ ያለቅሳል። ታች ያለችው ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ታንኳኳለች። እውነቷን ነው።

ችግሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ለንደን ዝናባም ናት ይባላል እንጂ በዓመት የምታገኘው 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ልዩነቱ አወራረዱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ታወርደውና ትገላገላለች። ለንደን ያቺኑ ትንሽ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በማንኪያ ትረጫለች። "እስኪያባራ" የሚለው ምክር የተሠራው ለዶፍ ነው። እዚህ ዝናብ የሚባለው ብዙው እኛ አገር ዝናብ ተብሎ የማይቆጠር ነው። ካፊያ ነው። በካፊያ ደግሞ ገበያ ይኬዳል፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳማል፣ ሰርግም ይበላል። ልጅስ ለምን አይወጣም?

እንደኔ መስኮት ላይ የቆመች እናት ወይም አባት ካለ፣ ትንሽ መንገድ ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ መጫወቻ ሜዳ ሞከርኩ። አይሆንም። ሸርተቴው ርጥብ ነው፣ ዥዋዥዌው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ልጁ አንዴ ቂጡ ከራሰ በኋላ ጨዋታው አከተመ። ፓርኩ ጭቃ ነው። የገበያ ማዕከል ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል፤ ማሙሽ መጫወቻ መሸጫውን ከሩቅ ያሸተዋል።

ካናሉን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ሪጀንትስ ካናል ይባላል። ከምዕራብ ለንደን ተነስቶ ሰሜኑን ዞሮ ላይምሃውስ ድረስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የውሃ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የተሠራው ለጭነት ጀልባ ነበር። ሞተር ስላልነበረ ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነው። ፈረሱ የሚራመድበት መንገድ ውሃው ዳር አለ። ዛሬ እኛ የምንሄድበት እሱ ነው።

ይህ መንገድ ለካፊያ ቀን የሚመቸው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፈረስ እንዳይሰምጥበት የተሠራ ስለሆነ ብዙው ጠንካራ ነው፤ ጭቃው ትንሽ ነው። ቀጥ ያለ ነው፤ አይጠፋም። ደግሞ ድልድይ አያልቅበትም። ካፊያው ትንሽ ከጠነከረ ቀጣዩ ድልድይ ሥር ሮጣችሁ ትቆማላችሁ። ልጅ ደግሞ ድልድይ ሥር መጮህ ይወዳል፤ ድምፁ ተመልሶ ይመጣለታል። ሁሉም በነፃ ነው።

እኛ የምንጀምረው ካምደን ላይ ነው፤ ውሃውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ትልልቅ የእንጨት በሮች ካሉበት ቦታ። ጀልባ ከመጣ እንቆማለን። ሰውየው ወርዶ ረጅሙን የእንጨት ክንድ በወገቡ ይገፋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይጎድላል፣ ጀልባው እያየነው ወደ ታች ይሰምጣል። "ሊፍት ነው" አለ ማሙሽ። ልክ ነው፣ የጀልባ ሊፍት ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ለንደን እንስሳት ማቆያ አቅጣጫ እንሄዳለን። ለአዋቂ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ከአራት ዓመት ልጅ ጋር ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ነበር።

ያኔ ጃንጥላ ይዤ ነው የወጣሁት። በአንድ እጄ ጃንጥላ፣ በአንድ እጄ ልጅ፣ ትከሻዬ ላይ ቦርሳ። ድልድዩ ሥር ነፋስ ስላለ ጃንጥላው ተገለበጠ። እሱን ሳቃና የልጁን እጅ ለቀቅሁ። በዚያች ቅጽበት ከኋላችን ብስክሌት ደወል አሰማ። እኔም እንደለመድኩት "ማሙሽ፣ ዳር ያዝ!" ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ታዛዥ ነው። ዳር ያዘ። የውሃውን ዳር!

ሽሮ ሜዳ ዳር ማለት ግንብ ነው፣ አጥር ነው፣ ቢበዛ የጎርፍ ቦይ ነው። እዚህ ዳር ማለት ውሃ ነው፤ አጥርም የለው። ሮጬ የካፖርቱን ቆብ ጨምድጄ ያዝኩት። ጫማው ጫፉ ላይ ነበር። ጃንጥላው ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ሄደ፤ ዳክዬዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ብስክሌተኛው ቆሞ "ደህና ናችሁ?" አለ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጭንቅላቴን ብቻ ነቀነቅሁ።

ሁለት ሳምንት አልተመለስኩም። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩና ካናሉን ሳይሆን አካሄዴን ቀየርኩ።

ጃንጥላ አይወጣም። ሁለቱም እጅ ባዶ መሆን አለበት። ልጅ ሁልጊዜ ከውሃው ራቅ ባለው ጎን ነው የሚሄደው፤ እኔ በውሃውና በእሱ መሃል ነኝ። "ዳር ያዝ" የሚለውን ቃል ከቤታችን አባረርነው። አሁን ደወል ሲሰማ "ግንብ!" እንላለን፤ ማሙሽ ሄዶ ግንቡን በእጁ ይነካል። ግንብ በሌለበት ቅጠሉን ይነካል። ቤት ኮሪደር ላይ ሦስት ቀን ተለማመድነው፤ እኔ ብስክሌት ሆኜ። በካናል ዳር መንገድ ላይ ቅድሚያው የእግረኛ ነው፤ ብስክሌተኛው ነው መታገሥ ያለበት። ይህ ግን ወረቀት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሥራ የሚበር አይጠፋምና ከዚያ በኋላ ውጡ።

ቆብ ሌላ ጉዳይ ነው። የዝናብ ካፖርቱ ቆብ ጆሮ ይደፍናል፣ ከጎን የሚመጣውንም ይጋርዳል። እኔ የሹራብ ኮፍያ አደርግለትና ቆቡን ወደ ኋላ እጥለዋለሁ። ካፊያ የሹራብ ኮፍያ እስኪያልፍ ድረስ እኛ ቤት ገብተናል። ድልድይ ሥር መንገዱ ይጠባል፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል፤ እዚያ እጅ ለእጅ ነው፣ ድርድር የለውም። በበጋ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ውሃው ላይ ጥቃቅን አረንጓዴ ቅጠል ይሞላበታል። ፍጹም ሣር ይመስላል። ልጅ ሊረግጠው ይፈልጋል። አስቀድማችሁ ድንጋይ ጣሉበትና ሲውጠው ያሳዩት፤ ከመቶ ምክር ይበልጣል።

ልብስ ላይ የሠራሁትን ስህተትም ልናዘዝ። ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ወጥ የሆነ የዝናብ ቱታ አለ፤ ለልጅ በጣም ያምራል። ገዛሁ። መንገዱ ጫፍ ላይ ደርሰን "ሽንቴ መጣ" አለ። ዚፑ ረጥቧል፣ ውስጡ ሹራብ አለ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት አለ፣ ልጁ በአንድ እግሩ ይዘላል። ከዚህ በላይ አልተርክም። አሁን ሱሪው ለብቻ፣ ካፖርቱ ለብቻ ነው። ሁለቱንም ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገዛሁ፤ ልጅ በስድስት ወር ይጥለዋልና አዲስ መግዛት ኪሳራ ነው። ቦት ጫማው አንድ ቁጥር ሰፋ ይበል፤ ወፍራም ካልሲ ይገባበታል። አንድ ጥንድ ደረቅ ካልሲ ቦርሳ ውስጥ። ከቤት ሲወጣ ሽንት፤ ካምደን ስትደርሱ በድጋሚ ሽንት።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ልምጣ።

ከካምደን ስትወጡ በግራና በቀኝ የቆሙት ጠባብና ረጃጅም ጀልባዎች ቤት ናቸው፤ ሰው ይኖርባቸዋል። ጣሪያቸው ላይ እንጨት ተከምሯል፣ የአበባ ማሰሮ አለ፣ ብስክሌት ተጋድሟል። ከትንሿ የጭስ ማውጫ ጭስ ይወጣል። በካፊያ ቀን ጭሱ ወደ ላይ አይሄድም፤ ውሃው ላይ ይተኛል። ሽታው ያው የእንጨት ጭስ ነው። የአክስቴ ማድ ቤት ድቅን አለብኝ። ለማሙሽ "አያትህ አገር እንዲህ ይሸታል" ስለው በአፍንጫው ሳበና "ፒዛ ይሸታል" አለ። ያው የሰው አገር ልጅ ነው።

እንስሳት ማቆያው ጋ ስትደርሱ ከመንገዱ በላይ ትልቅ መረብ የለበሰ፣ ሹል ሹል ያለ የብረት ግንባታ ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለወፎች የተሠራ ነው። ወፎቹ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ2022 ጦጣዎች ገቡበት። ምን ዓይነት ጦጣዎች መሰሏችሁ? ጉሬዛ! ያ ጥቁርና ነጩ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዛፍ ላይ የምናውቀው፣ መናገሻ ጫካ ውስጥ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወረው። ሳይንሱም ስሙን ከእኛ ነው የወሰደው። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ኢትዮጵያን ዞሮ እ.ኤ.አ. በ1835 ሲመዘግበው "ኮሎቡስ ጉሬዛ" አለው። ፈረንጅ ሁሉ ጉሬዛ ሲል አማርኛ እየተናገረ ነው።

ይህን ሳውቅ ትኬት ልገዛ ነበር። ዋጋውን አየሁና ተውኩት። ካናሉ መንገድ ላይ ቆማችሁ አንገታችሁን ቀና ብታደርጉ ግን መረቡ ከላያችሁ ነው። ዕድል ነው፤ አንዳንዴ አሉ፣ አንዳንዴ ወደ ውስጥ ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አላየንም። ማሙሽ "ጉሬዛ የለም፣ ውሸት ነው" ብሎ ፈረደ።

በሦስተኛው ቀን ካፊያው ከእኛ ጋር እየወረደ አንዱን አየነው። ገመድ ላይ ተቀምጧል። ጭኑን ሰብስቦ፣ ትከሻውን ወደ ጆሮው ስቦ፣ ነጩ ረጅም ፀጉር ከጎንና ከጎኑ ወርዶ። ጅራቱ እንደ ጭራ ተንጠልጥሏል፣ ጫፉ ነጭ ነው። ዝም ብሎ ዝናቡን ያያል።

"እማዬ፣ ጋቢ ለብሷል!"

እውነት ነው፣ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ነው የሚመስለው። ማሙሽ ጉሬዛ የሚለውን ቃል በዚያ ቀን ያዘው፤ ሳስተምረው ግን አልነበረም። በጨዋታ መሃል አውራ ጣት እንደሌለው ነገርኩት። እጁን አውጥቶ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ ደበቀ። በአራት ጣት የአጥሩን ሽቦ ለመያዝ ሞከረ። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ መሆኑንም ነገርኩት። "ከዚያ ይቆሽሻል?" አለኝ። ዐሥር ደቂቃ እዚያው ቆመናል። አንዲት አሮጊት ውሻ ይዘው ሲያልፉ እሳቸውም ቀና ብለው አዩና "ዕድለኞች ናችሁ" አሉን።

እዚያ ጋ መመለስ ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ። ልጁ ገና ሳይደክመው፣ "ትንሽ እንሂድ" እያለ ተመለሱ። የሚቀረው መንገድ ለሌላ ቀን ጉጉት ይሆናል። እኔ አንድ ቀን ተታለልኩና ወደፊት ገፋሁ፤ በመጨረሻ 18 ኪሎ ልጅ ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ። ከላይ ባለው መንገድ 274 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ካምደን ይመልሳል። አውቶቡስ ላይ ከ11 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይከፍልም። መውጫ ደረጃዎቹ ግን ብዙ አይደሉም፤ ስትሄዱ የት እንዳሉ አስተውሉ።

የተሸከምኩት ቀን ያየነው ነገር ግን ለድካሙ ካሳ ነው። ከእንስሳት ማቆያው አልፎ ማክልስፊልድ የሚባል ድልድይ አለ፤ በወፍራም የብረት ምሰሶዎች ላይ የቆመ። የለንደን ሰው "የፈነዳው ድልድይ" ይለዋል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1874 ገና ጎሕ ሳይቀድ ባሩድ የጫነ ጀልባ ሥሩ ሲያልፍ ፈነዳ። ጀልባው ላይ የነበሩ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ ድልድዩ ወደቀ። ምሰሶዎቹ ግን ተርፈው ነበርና መልሰው አቆሟቸው፤ ፊታቸውን አዙረው።

መዞራቸው በምን ይታወቃል? ምሰሶው ጠርዝ ላይ ጠለቅ ጠለቅ ያሉ መስመሮች አሉ። ፈረሱ ጀልባውን ሲጎትት ገመዱ ብረቱን እየታከከ ነው ያለፈው። ገመዱ እርጥብ ነው፣ አሸዋ ይዟል፤ እንደ ሞረድ ብረቱን በላው። ከፍንዳታው በፊት የተበላው ጎን አሁን ወደ ውስጥ ዞሯል፣ ከዚያ በኋላ የተበላው ወደ ውሃው ነው። በሁለቱም ጎን ቦይ ቦይ አለ። ማሙሽ ጓንቱን አውልቆ ሌባ ጣቱን አንዱ ውስጥ አስተኛው። ልክ ገጠመ። ብረቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ከላይ ወደ ታች እየቆጠረ እያንዳንዱን ሞላ፤ ከሰባት በኋላ እንደተለመደው አሥራ አንድ አለ። "ገመድ ብረት ይቆርጣል?" ብሎ ጠየቀ። ቀስ እያለ አዎ፣ ይቆርጣል አልኩት። ስለ ሞቱት ሰዎች አልነገርኩትም፤ ትንሽ ይደግ።

ለፈረሶቹ ግን በጣም አዝኗል። በባቡር ድምፅ የደነገጠ ፈረስ ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ቀጥ ባለው ግንብ ደግሞ መውጣት አይችልም። ስለዚህ በአንዳንድ ቦታ ከውሃው ወደ መንገዱ የሚወጣ ተዳፋት ሠርተውላቸዋል። አሁንም ይታያል፤ ዳክዬዎች ወጥተው ይተኙበታል። ማሙሽ ባየው ቁጥር "ፈረሱ ወጣ?" ይላል። ወጣ እለዋለሁ።

ዳክዬ ካልኩ፣ ዳቦ አትወርውሩ። እኔም ድፎ ቆርሼ ስሰጥ ነበር። የሚመከረው አጃ፣ በረዶው የሟሟ አተር፣ የታሸገ በቆሎ ነው፤ እሱም በትንሹ። ድፎውን ለራሳችን አደረግነው፤ ድልድይ ሥር ቆመን ከቴርሞስ ሻይ ጋር። ከመብላት በፊት ግን እጅ በደንብ ይጠረግ፣ ቤት ሲገባም በሳሙና ይታጠብ። የካናል ውሃ የአይጥ ሽንት አያጣውም፣ በሽታ አለው። ያንን ሁሉ ድንጋይ ነክቶ ጣቱን አፉ የሚከት ልጅ ነው ያለን።

አንድ ቀን ስንመለስ ካፊያው ሳያቆም ፀሐይ ወጣች። ሳላስበው "ጅብ ወለደች" አልኩ። ማሙሽ ቀጥ ብሎ ቆመ። "የት? እዚያ ግቢ ውስጥ?" አለና ወደ እንስሳት ማቆያው ዞረ። ግልገሏን ካላየሁ አልሄድም ብሎ አስቸገረኝ። አባባል ነው ብዬ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አሁንም ያመነኝ አይመስለኝም።

ቤት ስንገባ ወዲያው ልብስ ይቀየራል። ሱሪው ገንዳው ላይ ይንጠለጠላል፣ ቦቱ ውስጥ ጋዜጣ ይጠቀጠቃል፣ ካልሲው ማሞቂያው ላይ። ያን ቀን ማሙሽ ሶፋ ላይ አይዘልም። ሾርባውን ጠጥቶ ራሱ ይተኛል። ይሄ ብቻውን ይበቃኛል።

የቀረችው እናቴ ናት። መጀመሪያ በቪዲዮ ደውላ እርጥብ ኮፍያውን ስታይ "ልጁን በዝናብ? አብደሻል እንዴ! ብርድ ይመታዋል!" አለች። ጉንፋን የሚያመጣልን ካፊያው ሳይሆን አብሮት የሚውለው ልጅ ሁሉ ነው ብላት አልሰማችም። ባለፈው እሑድ ግን ጉሬዛውን ከካናሉ ዳር አሳየኋት። ስልኩ ላይ ጠብታ ስለወረደበት በደንብ አይታይም ነበር። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ወሬ ጀመረች። ልጅ እያለች ደብረ ብርሃን አካባቢ በክረምት ከብት ስትጠብቅ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ ደርባ ትውል ነበር። ይህን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል እንጂ አይገባም አለች። ማሙሽ ገሳ ምን እንደሆነ ጠየቃት። በእጇ እያሳየች ነገረችው፤ ከራስ ጀምሮ እስከ ወገብ።

"እንደ ጉሬዛ?" አላት።

"አዎ፣ እንደ ጉሬዛ" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ሰው ሲመጣ አንድ ገሳ እልክለታለሁ።"

እስካሁን ሰው አልመጣም።